የነፃ ምክር ዋጋ ስንት ነው?

ከገበያ ዕቃ ሁሉ የሚረክሰው ምክር ነው። ሚዛን አያስፈልገውም፤ መጋዘን አይከራዩለትም፤ ቀረጥም የለበትም። ሰጪው አይከስርበትም፣ ተቀባዩም ሲቀበል ገንዘብ ያወጣ አይመስለውም። ሒሳቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሲመጣ ደግሞ የሚከፍለው መካሪው ሳይሆን ተመካሪው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት እንስሳት ገበያ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የደራው የአክሶሎትል ንግድ ይህንኑ በተግባር ያሳያል። ሸቀጡ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዳ ቢሆንም የገበያው ጠባይ ግን እንግዳ አይሆንበትም።

አክሶሎትል ከእንቁራሪት ጋር በሩቅ የሚዛመድ፣ አራት እግርና ረጅም ጅራት ያለው የሳላማንደር ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ሲያድጉ ውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበትን ስንጥብ ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ። እርሱ ግን እንደ ላባ የተዘረጋውን ስንጥቡን እንደያዘ፣ በልጅነት መልኩ እንዳለ እዚያው ውኃ ውስጥ ይራባል። እግሩ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች ከ150 ዓመት በላይ አልተለዩትም። የትውልድ ስፍራው ከሜክሲኮ ሲቲ በስተደቡብ የሚገኘው የሶቺሚልኮ ውኃ ነው። ሌላው መኖሪያው የነበረው የቻልኮ ሐይቅ እንዲደርቅ ተደርጓል።

በገበያ ላይ የሚገኘው ግን ከሶቺሚልኮ የሚጠመደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1864 ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ 34 አክሶሎትሎች ተላኩ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ኦጉስት ዱሜሪል ለተባለው ፈረንሳዊ የእንስሳት ተመራማሪ ደርሰው በእጁ ተራቡ። ዛሬ በየላቦራቶሪውና በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ጭነት ይመዘዛል። ስለዚህ ንግዱ ከጅምሩ የእርባታ ንግድ ነው።

ፍላጎቱ ድንገት የናረው በሁለት አጋጣሚዎች ነው። ማይንክራፍት የተባለው የሕፃናትና የወጣቶች የኮምፒዩተር ጨዋታ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. አክሶሎትልን ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ አደረገ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የሜክሲኮ ብሔራዊ ባንክ አዲሱን የ50 ፔሶ ኖት የአክሶሎትል ሥዕል አስፍሮ አወጣ። ኖቱም የዓመቱ ምርጥ የገንዘብ ኖት ተብሎ ተሸለመ። ከዚህ በኋላ ፈገግ ያለ የሚመስለውን ይህን ፍጥረት ያልጠየቀ ልጅ፣ ለልጁ ለመግዛት ያላሰበ ወላጅ ጥቂት ነው። ፍላጎት ሲሮጥ ደግሞ ከእንስሳው ቀድሞ የሚደርሰው ምክር ነው።

ገዢው የገባው ውል

ለጋ አክሶሎትል በአሜሪካ ገበያ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 80 ዶላር ይገኛል። በዚህ ዋጋ ላይ የሚያቆም ገዢ ርካሽ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። በአግባቡ የተያዘ አክሶሎትል ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። በመሆኑም ገዢው የፈረመው የረጅም ዘመን ውል ነው። የውሉ ዋና ዋና አንቀጾች ቀዝቃዛ ውኃ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሰፊ ገንዳና ትዕግሥት ናቸው። በኢንተርኔት የሚዘዋወረው መጥፎ ምክር ሥራው እነዚህን አንቀጾች አንድ በአንድ መሰረዝ ነው።

መጀመሪያ የሚሰረዘው ቅዝቃዜው ነው። «የክፍሉ ሙቀት ይበቃዋል» ይባላል። እንስሳው የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውኃ ነው። ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ ምግብ ይተዋል፤ ስንጥቡ ላይ ሻጋታ ይወጣበታል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የእንስሳው ሰውነት የሚፈልገው ደግሞ ይጨምራል። ትክክለኛ የውኃ ማቀዝቀዣ ዋጋው ከእንስሳው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም «አያስፈልግም» የሚለው መካሪ በዚያች ደቂቃ ለገዢው ብዙ መቶ ዶላር ያተረፈለት ይመስላል። እንዲህ ያለውን መካሪ የማይወድ ማን አለ?

ሁለተኛው ስለ ገንዳው ወለል ነው። ባለቀለም ጠጠር ያምራል፣ ሱቅም ሞልቶታል። አክሶሎትል ግን ምግቡን የሚይዘው ውኃውን ወደ አፉ በመሳብ ነው። ከትሉ ጋር ጠጠሩም ይገባል። ሆድ ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠር እንስሳውን ይገድለዋል። መድኃኒቱ ወይ ደቃቅ አሸዋ ወይ ባዶ የመስታወት ወለል ነው። እዚህ ላይ ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ትክክለኛው ምክር ባዶ ወለል ነው፤ ባዶ ወለል ግን አይሸጥም።

ሦስተኛው ስለ ጊዜ ነው። «ገንዳውን ዛሬ ሙላ፣ እንስሳውን ዛሬ አስገባ» የሚለው ምክር ከሁሉ በላይ ሳይገድል አይቀርም። እንስሳው ከሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪረቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ይህ ሳይሆን የገባ እንስሳ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ውኃው ጥርት ያለ ስለሚመስል ባለቤቱ አይጠረጥርም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ መካሪ ይመጣና «ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ እጠበው» ይለዋል። በቧንቧ ውኃ ያለው ክሎሪን የቀሩትንም ባክቴሪያዎች ይጨርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

አራተኛው የሕክምናው ምክር ነው። እንስሳው ሲታመም «ፍሪጅ ውስጥ አስገባው» የሚሉ አሉ። ይህ ዘዴ ድሮ በቅን አርቢዎች ዘንድም ይሠራበት ነበር። ዛሬ ብዙዎች የተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። ድንገተኛው ብርድ ራሱ ጭንቀት ነው። የምግብ መፈጨትንም ያቆማል። ሌላው የጨው ውኃ ያዝዛል፣ ሌላው ለዓሣ የተሠራ መድኃኒት ጨምርበት ይላል። የአክሶሎትል ቆዳ ውኃውስጥ የተጨመረውን ሁሉ የሚያስገባ ስስ ቆዳ ነው። በአንዳንድ የዓሣ መድኃኒት ውስጥ ያለው መዳብ ደግሞ ለእርሱ መርዝ ነው። ብዙውን ጊዜ በሽታው ያለው በውኃው ውስጥ ነው። ክሎሪኑ የወጣለት፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ በየዕለቱ መለወጥና የእንስሳት ሐኪም ማማከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ይሁንና ንጹሕ ውኃም እንደ ባዶው ወለል በጠርሙስ ታሽጎ አይሸጥም።

አምስተኛው የትርዒት ምክር ነው። «አዮዲን ብትሰጠው ስንጥቡን ጥሎ በእግሩ ይሄድልሃል» ይባላል። በእርግጥ ከእንቅርት እጢ በሚወጣው ሆርሞን አማካይነት አክሶሎትልን ወደ የብስ እንስሳነት መለወጥ እንደሚቻል በላቦራቶሪ ከታወቀ ቆይቷል። በቤት ውስጥ በግምት ሲሞከር ግን መጨረሻው ብዙ ጊዜ ሞት ነው። የተረፈውም ዕድሜው ያጥራል።

የባለሀብቱ ወጥመድ

ስድስተኛው ምክር በተለይ የዚህን ገጽ አንባቢ ይመለከታል። «አንድ ጥንድ ግዛ፣ አርባና ትርፉን ብላ» የሚል ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማልላል። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 1,000 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ያንን በ50 ዶላር አባዝቶ ያልሰከረ ማን ነው?

ስሌቱ የማይነግረው ብዙ ነው። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በመጀመሪያ የሚበሉት በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ደቃቅ ምግብ ብቻ ነው። ይህም በየቀኑ መመረት አለበት። ትንሽ ሲያድጉ አንዱ የሌላውን እግርና ስንጥብ ይነክሳል። ስለዚህ መለያየት አለባቸው፤ መለያየት ማለት ዕቃ፣ ቦታ፣ ውኃና ጉልበት ማለት ነው። ከአንድ ሱቅ የተገዛው ጥንድ ደግሞ ወንድምና እህት መሆኑ አይታወቅም፤ ዘሩ በመሠረቱ ከጠባብ ምንጭ የመጣ ነውና መዘዙ ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ ያንኑ ምክር የሰማው ጎረቤትም አርብቷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን ዋጋው ይወድቃል፣ ገዢ ያጣው እንስሳ ግን መብላቱን አያቆምም። ከገበያ የተረፈ ሸሚዝ መደርደሪያ ላይ ያድራል። ከገበያ የተረፈ እንስሳ ግን ወይ ይሞታል፣ ወይ ለማንም ይሰጣል፣ ወይም ወንዝ ውስጥ ይጣላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

በዚህ ላይ ሕጉ አለ። አክሶሎትል አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። በካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ለቤት እንስሳነት ማኖር ክልክል ነው። «ማንም አይጠይቅህም» የሚለው መካሪ ፍርድ ቤት አብሮ አይቆምም።

መጥፎ ምክር ለምን ያሸንፋል?

ጥሩ ምክር ጠፍቶ አይደለም። ልምድ ያላቸው አርቢዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ትክክለኛውን ነገር ያለ ክፍያ ጽፈው አስቀምጠዋል። ታዲያ ገዢው የሚይዘው ለምን ሌላውን ይሆናል?

አንደኛው ምክንያት የጊዜ ነው። መጥፎ ምክር ወዲያው አይገድልም፤ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ። በሞቀ ገንዳ ውስጥ ያለው አክሶሎትል ለወራት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ዓመት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ መካሪ ሆኖ «የእኔ ያለ ማቀዝቀዣ ሁለት ዓመት ኖሯል» ይላል። አሥራ አምስት ዓመት መኖር የሚችል ፍጥረት ሁለት ዓመት መኖሩ የሙያ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። እንስሳው የሞተበት ሰው በበኩሉ አፍሮ ዝም ይላል። ስለዚህ አደባባይ የሚሰማው የተረፈላቸው ሰዎች ድምፅ ብቻ ይሆናል። የከሰሩት ነጋዴዎች የማይናገሩበት ገበያ ሁልጊዜ አትራፊ ይመስላል።

ሁለተኛው የዋጋ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አስረድቷል፤ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት በማይችልበት ገበያ ውስጥ ሁሉም የሚከፈለው መካከለኛ ዋጋ ስለሆነ የጥሩ ዕቃ ባለቤት እየወጣ ይሄዳል፣ የሚቀረው መጥፎው ነው። የአክሶሎትል ገበያም እንዲሁ ነው። ሐቀኛው ሻጭ «እንስሳው ሃምሳ ዶላር ነው፤ ገንዳው፣ ማጣሪያው፣ ማቀዝቀዣውና የውኃ መመርመሪያው ግን ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣሃል፤ ሁለት ወርም ጠብቅ» ይላል። ጎረቤቱ «ሃምሳ ዶላርና አንድ ገንቦ ይበቃሃል፣ ዛሬውኑ ውሰድ» ይላል። ገዢው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። መጥፎ ምክር እንግዲህ ሐቀኛውን ነጋዴ ከገበያ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው የኮሚሽን ነገር ነው። ደላላ ኮሚሽን እንደሚበላ ሻጭም ገዢም ያውቃል። የሚናገረውንም በዚያው ልክ መዝነው ይሰሙታል። በቪዲዮ ቀርቦ «ይህን ጠብታ ጨምሩ፣ ይህን ጠጠር ግዙ» የሚለው ሰው ግን መልኩ የወዳጅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ አይታይም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ባሻሻለው፣ በ2023ም እንደገና ባደሰው መመሪያ ላይ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሰው ከሻጩ ጋር ያለውን የጥቅም ግንኙነት በግልጽ እንዲናገር የሚለው ለዚህ ነው። የሚታይ ደላላ ከማይታይ ወዳጅ ይሻላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውም በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው ዓይነት ሰው ፊት ነው።

«ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ» ይበቃል?

በዚህ ላይ የሚነሳ መቃወሚያ አለ። ገዢው አዋቂ ሰው ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው፤ ሳያጣራ ቢገዛ ጥፋቱ የማን ነው? የሚል። ሌላም አለ። ለአክሶሎትል የሚሆን ሐኪም በየመንደሩ አይገኝም፤ የአርቢዎች ነፃ ምክር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚታወቀው ግማሹ አይታወቅም ነበር፤ ምክርን መቆጣጠር ቢጀመር መጀመሪያ ዝም የሚለው ጠንቃቃው ሰው ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ እውነት አለው። ምክርን ማፈን መፍትሔ አይሆንም። የሚሻለው ለሽያጩ ኃላፊ ማግኘት ነው። መካሪውን በዓለም ዙሪያ ማሳደድ አይቻልም፣ ሻጩ ግን አድራሻ አለው። የመጀመሪያው መቃወሚያ ግን አይቆምም። የተበላሸ ሬዲዮ የገዛ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። እዚህ ግን ኪሳራውን በሕይወቱ የሚከፍለው ውሉን ያልፈረመው እንስሳ ነው። ብዙ ጊዜም ገዢው አዋቂ ሳይሆን ልጅ ነው።

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አሠራር የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል። በ2018 የወጣው ደንብ ደግሞ የቤት እንስሳ ነጋዴ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ የፈቃድ ቁጥሩን በማስታወቂያው ላይ እንዲያሰፍር፣ ለገዢውም ስለ አያያዙ ተገቢውን መረጃ እንዲሰጥ ያዛል። በዚህ አሠራር ምክሩ የሽያጩ አካል ይሆናል፤ ሻጩም ይጠየቅበታል።

ሌላው አገር መንግሥትን ሳይጠብቅ ነጋዴው በራሱ ሊጀምረው የሚችለው ነገር አለ። አያያዙን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት። የጠቅላላ ወጪውን ዝርዝር ከእንስሳው ዋጋ ጎን መለጠፍ። ገዢው የገንዳውን ውኃ ናሙና አምጥቶ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆኑ ሳይታይ አለመሸጥ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ በመጀመሪያው ወር ደንበኛ ያጣል። ይሁንና አሥር ዓመት የሚኖር እንስሳ ያለው ደንበኛ አሥር ዓመት ምግብና ዕቃ ይገዛል። በሦስተኛው ወር የሞተበት ደንበኛ ግን ገንዳውን ሸጦ ዳግመኛ አይመለስም። ትርፉ የት እንዳለ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ገዢውም ቢሆን ለማንኛውም መካሪ ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ብዙ ይድናል። ይህን ምክር ብቀበል አንተ ምን ታገኛለህ? እንስሳህ ስንት ዓመት ኖረ? ምክርህ ባይሠራ ማን ይከፍላል? ሦስቱንም በግልጽ የሚመልስ መካሪ ይደመጥ።

የመጨረሻው ማታለያ

ከሁሉ የሚከፋው «አክሶሎትል የገዛ ሰው ዝርያውን ከጥፋት አዳነ» የሚለው የሽያጭ ቃል ነው። በሶቺሚልኮ በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል አክሶሎትል እንደነበረ ተቆጥሯል። በ2003 ወደ 1,000፣ በ2008 ወደ 100 ወረደ፤ በ2014 የተገኘው 36 ብቻ ነው። ያጠፋው የውኃው መበከልና የከተማው መስፋፋት፣ እንዲሁም ለምግብ ተብለው የተለቀቁት የቲላፒያና የካርፕ ዓሦች ናቸው። በኦሃዮ ወይም በበርሊን ገንዳ ውስጥ የሚኖረው እንስሳ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አያስተካክልም። በእርባታ የቆየው ዘር ጠባብ ነው። የአልቢኖነትን ባሕርይ ለማግኘት በ1962 ከሌላ ሳላማንደር ጋር የተዳቀለም አለበት። እርሱን ወስዶ ወደ ቦዩ መልቀቅ በሽታና እንግዳ ዘር መጨመር ነው።

ዝርያውን መርዳት የሚፈልግ ሰው መንገዱ ተከፍቶለታል። የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሶቺሚልኮ ገበሬዎች ጋር ሆነው ቦዮቹን እያጸዱ ለአክሶሎትል መጠለያ ያዘጋጃሉ። በ2023 ባወጡት ጥሪ በ600 ፔሶ አንድ አክሶሎትል በስም ማሳደግ ይቻል ነበር፤ እንስሳው እዚያው ይቀራል። በ2025 የታተመ ጥናትም በጥንቃቄ ተመርጠው በተዘጋጀ ረግረግ ውስጥ የተለቀቁ 18 አክሶሎትሎች ክትትል በተደረገባቸው ጊዜ ሁሉም መትረፋቸውን፣ ተመልሰው የተያዙትም ክብደት መጨመራቸውን አሳይቷል። ገንዘቡ ሥራ ላይ የሚውለው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም፤ ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ምክር ነፃ የሚሆነው ሰጪው ሲሳሳት አብሮ የሚከስር ከሆነ ብቻ ነው። ያለዚያ በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ነው፤ ዕዳው ይዋል ይደር እንጂ ይመጣል። በአክሶሎትል ገበያ ዕዳው ሲመጣ የሚከፍለው፣ ፊቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ የሚመስለው፣ ሲሞትም ድምፅ የማያሰማው ፍጥረት ነው።